በሰረዝ ፈንታ የጻፍኩት ቁጥር

ሰኞ፣ የካቲት 3

ነርሶቹ ስም አውጥተውልኛል፤ ጠንቋዩ። ዛሬ ሻይ ክፍል ስገባ አንዷ መዳፏን ዘርግታ "እስቲ የኔንም እየው፣ ባል ይታይሃል?" አለችኝ። "በዐሥራ አራት ሳምንት ውስጥ" አልኳት። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ደስ የሚል ስም ነው ለነገሩ።

እኔ በሽታ አላክምም። መርፌ ሳይ ራሴን ያዞረኛል። ሥራዬ ከካንሰር ሕክምናው ሥር ምድር ቤት ተቀምጦ ሒሳብ መሥራት ነው። የካንሰር ሴሎች ሁሉ አንድ አይደሉም። ኪኒኑ የሚገድላቸው አሉ፤ ገሮቹ እላቸዋለሁ። ኪኒኑን ከቁብ የማይቆጥሩም አሉ፤ እነዚህ እልኸኞቹ ናቸው። ኪኒኑ በየቀኑ ሲዋጥ ገሮቹ ያልቁና ቦታው ለእልኸኞቹ ይለቀቃል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያቆማቸው የለም። ስለዚህ ኪኒኑን ለጊዜው እናቁመው፣ ገሮቹ ይመለሱ፣ ተመልሰውም እልኸኞቹን ቦታ ያሳጧቸው፣ ከዚያ እንደገና እንጀምር አልን። እረፍቱ ስንት ሳምንት ይሁን? ይህን የሚመልሰው የእኔ ስሌት ነው። የስድሳ ሦስት የድሮ ታካሚዎችን የደም ቁጥር፣ በሽታው ሲበረታ ከፍ የሚለውን፣ ከመዝገብ አውጥቼ ስሌቱን አበላሁት፤ ዐሥራ አራት ሳምንት አለኝ።

አማቴ ነገሩ ከሐኪሞቹ ቀድሞ ነው የገባቸው። ዕድሜ ልካቸውን መሬት ቀያሽ ነበሩ። "ደጉን ጎረቤት ካባረርከው ክፉው አጥሩን ይገፋል ማለትህ ነው" አሉኝ። ማለቴ ነው።

ዐሥራ አንድ የፕሮስቴት ካንሰር ታካሚዎች እረፍት ላይ ናቸው። ሁሉም ጥር 5 ጀመሩ፤ ዛሬ አራት ሳምንት ሞላቸው። አማቴ አንዱ ናቸው። ታካሚዎቹ ድሮ በየወሩ ደም ይሰጡ ነበር፤ ስሌቱ ስለሚያውቅ አያስፈልግም፣ ዐሥረኛው ሳምንት ላይ አንዴ ይበቃል ያልኩት እኔ ነኝ። መጋቢት 9 በሚደረገው ስብሰባ ስሌቱን ለገምጋሚዎቹ አቀርባለሁ። ካለፈ ስድስት ሆስፒታሎች ይሠሩበታል። እኔም መስኮት ያለው ክፍል አገኛለሁ።


ሐሙስ፣ የካቲት 6

በጥድፊያ። ካርድ ክፍል ሄጄ ነበር፣ የድሮ መዝገቦቹን መልሻለሁ ብዬ ልፈርም። የካርድ ክፍሏ እትዬ በዚህ ወር ጡረታ ይወጣሉ። በእጄ የያዝኩትን፣ ክፍተቶቹን የሞላሁበትን የመዝገብ ቅጂ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩት።

"ይሄ የኔ ጽሑፍ ነው። ግን እዚህ ጋ ሰረዝ ነበር። ቁጥሩን ከየት አመጣኸው?"

"ታካሚው ያልመጣበት ወር ነው እትዬ። የፊተኛውን ወር ቁጥር ደገምኩለት፣ ግራፉ እንዳይቆራረጥ።"

"ያልመጣውንማ ባዶ ነው የምንተወው። ሰረዝ የምናደርገው መሣሪያው ሲያቅተው ነበር። የድሮው መሣሪያ ከመቶ በላይ አይቆጥርም። ከመቶ ሲያልፍ ሰረዝ። ይሄን ማን ያጣዋል?"

ፈርሜ ወጣሁ።


ዓርብ፣ የካቲት 7

እትዬ አርጅተዋል። የሃያ ዓመት ነገር ማን በትክክል ያስታውሳል። እኔ የዛሬ ሳምንት ምሳ የበላሁትን አላስታውስም።


እሑድ፣ የካቲት 9

ባለቤቴ ከአባቷ ጋር ገበያ ሄዳ ብቻዬን ነኝ። ከካርድ ክፍሉ ሁለት ካርቶን የድሮ መሣሪያው የሚተፋቸውን ጠባብ ወረቀቶች ለምኜ አምጥቻለሁ። ሰረዝ ካለባቸው ወራት ሃያውን መርጬ ከወረቀቶቹ ጋር አመሳከርኩ። በሃያውም ላይ ያው ነው፦ "ከመጠን በላይ"።

በመዝገቡ ሁሉ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ሰረዝ አለ። ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ጊዜ በሽታው ፈንድቶ መሣሪያው ሲያቅተው፣ እኔ ባለፈው ወር ደህና ነበሩ ብዬ ያንኑ ቁጥር ደግሜያለሁ። እልኸኞቹ በሮጡበት ወር ሁሉ ቆመዋል ብዬ ጽፌያለሁ። ምክንያቴ ደግሞ የተቆራረጠ ግራፍ ዓይኔን ስለሚቆረቁረኝ ነበር። ሌላ ምክንያት ብፈልግ አላገኘሁም።

ሰረዞቹን በትክክል ይዤ ስሌቱን እንደገና አስኬድኩት። እረፍቱ ዐሥራ አራት ሳምንት አይደለም። ስድስት ነው። ከስድስት በኋላ እልኸኞቹን የሚያቆማቸው የለም።

ስድስት ሳምንት የሚሞላው የካቲት 17 ነው። ስለዚህ ጊዜ አለ። ስምንት ቀን ሙሉ አለ፤ ማንም ሳይጎዳ ሁሉንም መጥራት ይቻላል። ነገ ጠዋት ጥናቱን ለምትመራው ሐኪም እነግራታለሁ።


ሰኞ፣ የካቲት 10

ሐኪሟ ቀኑን ሙሉ ስብሰባ ላይ ነበረች።


ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ዛሬ አግኝቻታለሁ። በደረጃው ላይ እየወረደች ትከሻዬን ቸብ አድርጋ "ገምጋሚዎቹ ጽሑፍህን ወደውታል። ሊቀመንበሯ ራሷ ደወለችልኝ። አንተ ባትኖር ምን እንሆን ነበር?" አለችኝ። በዚህ ላይ ምን ይባላል? "እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ። ሰው እንዲህ ሲልህ "ተሳስቻለሁ" ማለት ምርቃት ላይ እርግማን እንደ መመለስ ነው። ነገ ቢሮዋ ገብቼ በወጉ ተቀምጬ እነግራታለሁ።

ወደ ምድር ቤት ስወርድ ሹፌሩን አገኘሁት። ከዐሥራ አንዱ አንዱ ነው፣ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። እርስዎ ስለው "አንተ በለኝ፣ አታስረጀኝ" ብሎ ከተቆጣኝ ወዲህ አንተ እለዋለሁ። የመጣው ለሕክምና አልነበረም፣ የፈቃድ ወረቀት ለማስፈረም ነው። "ጠንቋዩ! ኪኒኑን ካቆምኩ ወዲህ እኮ ሰው ሆንኩ። ከሚስቴ ጋር መጣላት ሁሉ ጀምሬያለሁ" አለኝ። ጥሩ መስሏል። ፊቱ ወዝ አለው።

እኔም "ጥሩ መስለሃል" አልኩት።


ሐሙስ፣ የካቲት 13

አማቴ ነገ ጠዋት ደም እንዲሰጡ አድርጌያለሁ። በመርሐ ግብሩ ላይ የለም፤ ስለዚህ ነርሷ ምክንያት ስትጠይቀኝ "በጣም ደክሟቸዋል" አልኳት፣ ካርዳቸው ላይ ጻፈችው። ዕድሜያቸው ሰባ ሦስት ነው፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ ማን የማይደክመው አለ።

ከሰረዞቹ ጋር አይያያዝም። ጥንቃቄ ነው።


ቅዳሜ፣ የካቲት 15

የአማቴ ቁጥር ከሦስት ወደ ዘጠኝ ወጥቷል። ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ። አዲሱ ስሌቴ ስምንት ተኩል ብሎ ነበር። እንዲህ የቀረበ ግምት በሥራ ዘመኔ አይቼ አላውቅም፤ ለቅጽበት ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ አለብኝ። ደስ አለኝ።

ሐኪሟ ወዲያው ኪኒናቸውን እንዲጀምሩ አዘዘች። ከዚያ እስክሪብቶዋን ጥርሷ ላይ እየመታች "ሌሎቹንስ? ጠርተን ብናያቸው አይሻልም?" አለችኝ።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶልኝ ነበር። እኔ ግን "አንድ ሰው ስሌት አያፈርስም። አሁን ከጠራናቸው ጥናቱ ይበላሻል" አልኳት። ድምፄም አልተንቀጠቀጠም። አመነችኝ፤ ለምን አታምነኝም?


ሰኞ፣ የካቲት 17

ስድስት ሳምንት ሞላ።


ሐሙስ፣ የካቲት 20

የገለጻው ወረቀት። ሠላሳ ሁለት ገጽ። ቀለሞቹን መረጥኩ፤ ገሮቹ ሰማያዊ፣ እልኸኞቹ ቀይ። ትርጉም ያለው ሥራ ምንም አልሠራሁም።


ማክሰኞ፣ የካቲት 25

ከሻይ ክፍሉ ጀርባ ባለው መስኮት የሰማሁትን ነው የምጽፈው፤ ለእኔ የተነገረ አይደለም። ነርሷ ስልክ ላይ ነበረች። "ወገብህን? ከመቼ ጀምሮ?... እሱማ የወንበሩ ነው የሚሆነው፣ ሃያ ስድስት ዓመት አውቶቡስ ላይ ተቀምጠህ... እሺ፣ ማስታገሻ ውሰድ። ለማንኛውም መጋቢት 15 ደም ትሰጥ የለ? ያኔ ይታያል።"

የወንበሩ ሊሆንም ይችላል። የሁሉም ሹፌር ወገብ ይታመማል።


ዓርብ፣ የካቲት 28

ባለቤቴ ዛሬ ሸሚዜን እየተኮሰች ድንገት አቆመችና "አንተ ባታስተውል አባባን ማን ያይልን ነበር? እኔ እንኳ ልጃቸው ሆኜ ድካማቸው አልታየኝም" አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። መጥታ ግንባሬን ሳመችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር። "ሥራዬ ነው" አልኳት።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። እኔ ያልኩትን ሁሉ እያወቅሁ ነው የምለው። በዚህ ደብተር ላይ እንኳ የካቲት 13 ቀን የጻፍኩትን መልሼ ሳነበው ጥንቃቄ ነው ይላል። ማንን ነው የምዋሸው? ደብተሩን የሚያነበው ሌላ ሰው የለም።

እንግዲህ እውነቱን አንዴ ልጻፈው። ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ ገምጋሚዎቹ መጋቢት 9 ይሰማሉ፣ ይወስናሉ። መጋቢት 15 ሁሉም ደም ይሰጣሉ። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይገኛል። ያኔ "መዝገቡን እንደገና ልየው" እላለሁ፣ ሰረዞቹን "አገኛለሁ"፣ አስተካክላለሁ። ማንም መቼ አወቅህ አይለኝም። እንዲያውም ስህተቱን ፈልጎ ያገኘ እባላለሁ። አማቴ ደግሞ በመካከሉ ተርፈዋል። ይህን ሁሉ ቁጭ ብዬ አስቤዋለሁ። ሻይ እየጠጣሁ ነው ያሰብኩት።

አንድ ሳምንት ሲዘገይ እልኸኞቹ በስንት እጥፍ እንደሚጨምሩ ከእኔ በቀር በዚህ ሕንጻ የሚያውቅ ሰው የለም።


ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ዛሬ ከሐኪሟ ቢሮ በር ፊት ሁለቴ ቆሜ ተመለስኩ። በሁለተኛው ጊዜ ጸሐፊዋ "ምን ጠፋብህ?" አለችኝ።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ስብሰባው አለቀ። አጨበጨቡ። ሊቀመንበሯ ስታጨበጭብ ቀለበቷ ጠረጴዛውን ይመታ ነበር።

አንዲት ጥግ የተቀመጠች ወጣት ገምጋሚ ብቻ እጇን አወጣች። "የድሮው መዝገብ ላይ ክፍተቶች ይኖራሉ ብዬ እገምታለሁ። እንዴት አድርገህ ሞላሃቸው?" በጣም ትክክለኛ ጥያቄ። እኔ ብሆን የምጠይቀው እሱን ነበር። "በተለመደው መንገድ" አልኳት። "መዝገቡ ንጹሕ ነው።" ራሷን ነቅንቃ ጻፈችው። ንጹሕ የሚለውን ቃል ስትጽፈው አየሁ።

ሐኪሟ ኬክ አስመጥታ ነበር። በልቻለሁ።


ሐሙስ፣ መጋቢት 11

ከሥራ ስመለስ አማቴ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። የኪኒን ዕቃቸው ፊታቸው ነው። አጠገቡ የቀያሽነት ዘመን ልማዳቸው የሆነችው ትንሿ ደብተር፤ ሁሉን ነገር በቀን በቀኑ ይጽፉባታል።

"ተቀመጥ ልጄ።"

ተቀመጥኩ።

"ትናንት መድኃኒት ቤቱ ሰልፍ ላይ ሹፌሩን አገኘሁት። ለወገቡ ማስታገሻ ሊገዛ ነው የመጣው። ይሄን ሲያይ 'እርስዎ ጀመሩ እንዴ?' አለኝ። ድሮ ነው የጀመርኩት፣ ከየካቲት 15 ጀምሮ አልኩት። እኩል ነው እረፍት የወጣነው፣ በአንድ ቀን። እኔ ተጠራሁ፣ እሱ አልተጠራም። ሌሎቹንም ስልካቸው ስላለኝ ደወልኩላቸው። አንድም የተጠራ የለም።"

"አባባ፣ የእርስዎ ቁጥር ስለወጣ ነው..."

"የወጣው ከተለካ በኋላ ነው። ለምን ተለካ? ዛሬ ሄጄ ነርሷን ጠየቅኋት፤ ካርዱን አነበበችልኝ። 'በጣም ደክሟቸዋል' ይላል። እኔ ያን ሳምንት የጓሮውን አጥር ሳድስ ነው የከረምኩት። ሚስማር ያቀበልከኝ አንተ ነህ። ለማን ነው ደከመኝ ያልኩት?"

"ተጠንቅቄ ነው" አልኩ።

"ለእኔ።"

"ለእርስዎ።"

"ለሹፌሩስ?"

አማቴ አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይቀለኝ ነበር። "በእኛ ሥራ የመለኪያ ገመድ ያጥራል። እርጥብ ሆኖ ይደርቃል፣ ያጥራል፤ ሳታውቅ የሰው መሬት ታዛባለህ። ይሄ በማንም ላይ ይደርሳል። ገመዱ ማጠሩን አውቆ የዘመዱን መሬት ብቻ መልሶ የለካ ቀያሽ ግን አንድ አውቃለሁ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ እያልን ስንስቅበት ኖርን። ከዚያ በኋላ ሠርግም ሆነ ለቅሶ የጠራው ሰው አላየሁም።"

ከዚያ የኪኒን ዕቃውን በአንድ ጣታቸው ወደ እኔ ገፉት።

"ከትናንት ወዲህ አልዋጥኩም። ዐሥሩ ሳይጠሩ አልውጥም።"

"አባባ! እንዲህማ አይቻልም፣ ይሄ መድኃኒት..."

"ስንት ቀን እንደምችል አንተ ታውቀዋለህ። አስላው።"

ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ከየት ጀምሮ እንደሰማች አላውቅም። ያጠፈችውን ፎጣ ደረቷ ላይ እንደያዘች አየችኝ። ወደ ውስጥ ገባች፣ በሩንም በቀስታ ዘጋችው። እኔ ሳሎን ነኝ፤ ይህን የምጽፈው ሶፋው ላይ ሆኜ ነው።


ዓርብ፣ መጋቢት 12

ለሐኪሟ ነገርኳት።

በምሁር ቋንቋ ጀመርኩ፤ "በመረጃው ላይ አነስተኛ ክፍተት" ምናምን። እስክጨርስ ሰማችኝ። "ስድስት?" አለች። "ስድስት" አልኩ። ዘጠኝ ተኩል ሳምንት ሆኗቸዋል። ስልኩን ለማንሳት እጇን ዘርግታ መሃል ላይ አቆመችው።

"መቼ ነው የደረስክበት?"

"ሰሞኑን።"

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። እኔ ግን አሁንም ስንቄን አልጨረስኩም።

አንድ በአንድ ስትደውልላቸው ከፊቷ ቆሜ ነበር። ውጣም ቁምም አላለችኝም። አማቴ የሁሉንም መጠራት በስልክ ከእያንዳንዳቸው አጣርተው ማታ ኪኒናቸውን ዋጡ።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

የዐሥሩ ውጤት መጣ። ሰባቱ ቁጥራቸው ወጥቷል፤ ግን ኪኒኑ ገና ይይዘዋል። ሁለቱ ያጠራጥራሉ። ሹፌሩ መቶ ሰማንያ ስድስት። አጥንቱ ፎቶ ተነሥቶ ታየ፤ ካንሰሩ ወገቡ ላይ ደርሷል። የወንበሩ አይደለም።

አሰላሁት። ሳላሰላ መተው አልቻልኩም። የካቲት 9 በደረስኩበት ስሌት፣ በ17 ኪኒኑን ቢጀምር ኖሮ ከዘጠኝ አይዘልም ነበር።

ሻይ ክፍል በር ላይ ስደርስ ያቺ መዳፏን የዘረጋችልኝ ነርስ ጀርባዋን ሰጥታኝ "ጠንቋዩማ የራሱን ቤት ብቻ ነው የጠነቆለው" ስትል ሰማሁ። የሳቀ ሰው አልነበረም። ሳልገባ ተመለስኩ።


ሰኞ፣ መጋቢት 15

ለገምጋሚዎቹ የሚላከው ደብዳቤ። ሐኪሟ ስህተቱን ያወቅህበትን ቀን ራስህ ሙላው አለችኝ። ሦስቴ ሌላ ቀን ጻፍኩ። በአራተኛው የካቲት 6 ብዬ ሰጠኋት። አነበበችው፤ ፈረመችው፤ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ "የክፍልህን ቁልፍ ለጸሐፊዋ ስጥ" አለች።

ባለቤቴ እስካሁን የምታናግረኝ ስለ ቤት ጉዳይ ብቻ ነው። ጨው አቀብለኝ፣ መብራት አጥፋ።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

ሹፌሩ ቤት ሄድኩ። ሐኪሟ አልላከችኝም፤ አማቴም ሂድ አላሉኝም። አድራሻውን ብቻ ከትንሿ ደብተራቸው ቀድደው ሰጡኝ።

ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለውም። ሚስቱ ከፈተችልኝ። ማን እንደሆንኩ ስታውቅ ፊቷ በራ፦ "ከሆስፒታል ድረስ! ግባ፣ ግባ እንጂ።" ውሃ አመጣችልኝ። ቴሌቪዥኑ ይጮሃል። ትንሿ ልጃቸው መሬት ላይ ተኝታ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ሹፌሩ ሶፋው ላይ በሁለት ትራስ ተደግፏል፤ ሊነሣ ሲሞክር ፊቱ ተጨማደደ፣ ተወው። የሞተሩ ጩኸት የግራ ጆሮውን ካደነቆረው ቆይቷል፤ እኔ የተቀመጥኩት በዚያ በኩል ነው።

ስለ ስሌቱ ነገርኩት። ስለ ሰረዞቹ፣ ስለ ስድስቱ ሳምንት። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማኝ፤ የሚቆጣ ሰው አይመስልም ነበር። "ሰው ነህ፣ ትሳሳታለህ" አለኝ። "እኔም አንድ ጊዜ አውቶቡስ ከግንብ ጋር አጋጭቻለሁ።"

እዚያ ላይ አመስግኜ መውጣት ይቻል ነበር። እግሬ ተነሥቶም ነበር።

"ያወቅሁት ሰሞኑን አይደለም" አልኩት።

"መቼ ነው?"

"የካቲት 6።"

ጣቶቹን እያጠፈ ቆጠረ። የአንድ እጁ ጣቶች አለቁ። ሚስቱ የውሃውን ትሪ እንደያዘች ቆማለች።

"አምስት ሳምንት" አለ። "ለምን ሳትነግረኝ ቆየህ?"

ደረጃውን ስወጣ ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ። ስሌት ማረጋገጥ ጊዜ ይፈልጋል፣ ሰውን በከንቱ ማስደንገጥ አልፈለግሁም፣ ጥናት እንዲህ በቀላሉ አይቋረጥም። ፊቱን ሳየው አንዱም ከአፌ አልወጣ አለ። በዚያ ሁሉ ውስጥ የነበረው እውነተኛው ነገር አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በጣም ትንሽ ነበር።

"ስብሰባ ነበረብኝ" አልኩ።

"እ?" ብሎ ደህናውን ጆሮውን አዞረልኝ። "አልሰማሁህም።"

ሚስቱ ቴሌቪዥኑን ዘጋችው። ልጅቷ ከደብተሯ ቀና አለች።

"ስብሰባ ነበረብኝ!" አልኩት፣ ጮክ ብዬ።